ባለ ጅራቷ ሰንጢ

ለምወድህ ወንድሜ ለባኪዚዮ፤

እንዴት ነህ? ደረትህስ እንዴት ነው፣ ያ የክረምቱ ሳል ለቀቀህ ወይ? አሱንታስ ደህና ናት፣ ወገቧን ያማት የነበረው ተሻላት? ፒየሪኖና ሚሚያስ ትምህርቱ እንዴት ይዟቸዋል? የእኛን ቋንቋ እንዳይረሱት በቤት ታነጋግራቸዋለህ? እዚያ ሰው አገር የኮሎኝ ከተማ ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል ብለህ ስለጻፍክልን፣ ምድጃችሁ ከሰል አይጣ እያልን ስማችሁን ሳናነሳ የምንበላበት ማዕድ የለም። እኛ በበኩላችን ደህና ነን። አባባ እጁ ከመንቀጥቀጡ በቀር ጤነኛ ነው፤ ምላሱ ደግሞ እንደምታውቀው ከሁላችንም ይልቅ ጤነኛ ነው። አክስታችን ቪሳንታ ጉልበቷን ያማታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን አያማትም። እኔም ደህና ነኝ። የግራ እጄ ጠቋሚ ጣት ላይ አንድ ጠባሳ አለ፣ እሱን አሁን እነግርሃለሁ።

በዝምታዬ እንደተቀየምክ አውቃለሁ። ጥቅልህ የደረሰኝ በገና ሰሞን ነው፣ ይኸው አራት ወር ሊሞላ ነው። መልሱን ላንጠልጥልብህ አልፈልግም፦ የአባባን መቀጥቀጫ ቤት ለመሸጥ እንድፈርምበት የላክኸውን ወረቀት አልፈረምኩም፣ አልፈርምምም። ባዶውን አጥፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ። ተናደህ ቀዳደህ እንዳትጥለኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብበኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን በለኝ።

ከወረቀቱ ጋር ያችን የፋብሪካ ሰንጢ ልከህልኝ ነበር። «እዚህ በቀን አንድ ሺህ ከማሽን ይወጣል፤ ለመሆኑ የአባባን ክንድ የሚያህል ሰንጢ ዛሬ ማን በኪሱ ይይዛል? የእኔን እንኳ የፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው ቀምቶኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና አንቺው ራስሽ ፍረጂ» ብለህ ጻፍክ። አነበብኩት። በመጀመሪያ ደሜ ፈላ። በነጋታው ግን ሳስበው፣ ባኪዚዮ ያለው እውነት ቢሆንስ አልኩ። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰንጢ ሁሉ ያምራል፤ ጠባዩ የሚታወቀው ኪስ ውስጥ ሲውል ነው። ስለዚህ በየተራ ልይዛቸው ወሰንኩ። የአባባ ባለ ቀንድ እጀታው አንድ፣ የአንተ ሁለት፣ ሦስተኛ ደግሞ ሻጩ በጋሪ እያዞረ የሚያመጣው፣ ወጣቱ ሁሉ የያዘው ባለ እንጨት እጀታ፣ አንገቱ ላይ የሚሽከረከር ቀለበት ያለው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሳምንት ሰጠኋቸው። አይብ፣ ዳቦ፣ የቡሽ ቅርፊት፣ የጆንያ ማሰሪያ፣ የወይን ቅርንጫፍ፣ የበግ ኮቴ፣ በቃ ቀኑ ያመጣውን ሁሉ እቆርጥባቸዋለሁ፤ ማታ ማታ ያየሁትን አሮጌው የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። አክስቴ ቪሳንታ «ሰንጢ የምታማርጥ ሴት ባል መቼ ታማርጣለች?» አለችኝ። «ባልማ ቢዶለዱም አይሳልም» አልኳት። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

መጀመሪያ የአባባን ያዝኩ። ስለቱን ምን ብዬ ልንገርህ፣ አንተም ታውቀዋለህ። የወይን ቅርንጫፍ ላይ ስታሳርፈው እንደ ቅቤ ይገባል፤ ቢዶለዱም ወንዝ ዳር ያገኘኸው ድንጋይ ላይ ሁለቴ ስታስኬደው ይመለሳል። ግን ባኪዚዮ፣ እውነቱን እንነጋገር። የሽርጤን ኪስ በአራተኛው ቀን ቀደደው። ጎንበስ ስል ጎኔን ይወጋኛል፣ ስቀመጥ ጭኔን። በሁለተኛው ሳምንት ሳላስበው ጠዋት ጠዋት መሳቢያ ውስጥ እየተውኩት መውጣት ጀመርኩ። ቀን መቁጠሪያው ላይ «ከሁሉም ይቆርጣል፣ ግን እቤት ይቀራል» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው አባባን የሰደብኩት መሰለኝ።

ባለ እንጨቱ ቀለል ያለ ነው፣ እጅም ይሞላል። ቀለበቱን ስታዞረው ስለቱ ይቆለፋል፤ ጣት አይበላም። ለአንድ ሳምንት ወደድኩት። ከዚያ ዝናቡ መጣ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አበጠና ስለቱን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። በጎቹን ላልብ ወጥቼ የመኖ ጆንያ መፍታት አቅቶኝ በጥርሴ ፈታሁት። ምድጃ አጠገብ ሲደርቅ ደግሞ ላላና ስለቱ እንደ ልቅ ጥርስ ይወዛወዝ ጀመር። እሱንም ጻፍኩ።

ቀጥሎ የአንተ ተራ ሆነ። እንዳትቀየመኝ፣ ብዙ ነገሩ ጥሩ ነው። ትንሽ ናት፣ ኪስ ውስጥ መኖሯን ትረሳታለህ። ሎሚ ቆርጬ ሳላጥባት ሰነበተች፣ አንዲት ነጥብ ዝገት አልያዛትም፤ የአባባ ቢሆን በማግስቱ ጠቁሮ ያድር ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ «ባኪዚዮ ሳያሸንፈኝ አይቀርም» እያልኩ ነበር የምዞረው።

በስምንተኛው ቀን ጋሽ ቦዬሌ ከላይኛው በረት አይብ ሲያወርድ እንዳግዘው ጠራኝ። ጋሽ ቦዬሌን ታስታውሰዋለህ፣ የአባባ ጓደኛ፣ ያ ለእያንዳንዷ በግ ስም የሚያወጣው እረኛ። የጥር ወር ነው፣ ወንዙ ሞልቶ ነበር። እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት በቅሎዋን እየሳበ፣ ገመዱን እጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞታል። ስንት ጊዜ «ጋሽ ቦዬሌ፣ አይጠምጥሙት» ብዬዋለሁ! መሻገሪያው መሃል ላይ በቅሎዋ አንሸራተታትና ከነጭነቷ ወደቀች። እሱንም ይዛው ወደቀች። ለመነሳት በተፈራገጠች ቁጥር ገመዱ እየጠበቀ ክንዱን ወደ ውሃው ይጎትተዋል። ጭንቅላቱ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይጠልቃል። ወገቤ ድረስ ገብቼ አንገትጌውን ያዝኩና በሌላው እጄ ሰንጢህን አወጣሁ። አልከፈት አለችኝ! ያች የጥፍር ማስገቢያዋ ክር የምታህል ናት፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ጥፍሬ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ጋሽ ቦዬሌ «ሚንቶኒያ፣ ቶሎ በይ ልጄ» አለኝ፤ ከዚያ አፉ ውሃ ሞላ። በጥርሴ ነክሼ ከፈትኳት። እርጥቡን ገመድ ግማሽ ያህል እንደቆረጥኩ በቅሎዋ ስትወራጭ እጄ ተጠመዘዘ፣ ስለቷም ጣቴ ላይ ታጠፈች። ህመሙ አልተሰማኝም፤ ውሃው ሲቀላ ነው ያየሁት። እንደገና በጥርሴ ከፈትኳት፣ ቆረጥኩ፣ ገመዱ ተበጠሰ። ሽማግሌውን ጎትቼ ድንጋይ ላይ አወጣሁት። በቅሎዋም ራሷ ተነሳች። አይቡ ግን ወንዝ ገባ። ጋሽ ቦዬሌ ትንፋሹ እንደተመለሰለት የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ሲሳይ ለዓሳዎቹ» የሚል ነበር። ተቀምጠን ሳቅን፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ሐኪሙ ጣቴን ሰባት ቦታ ሰፋው። ይታጠፋል፣ አትጨነቅ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አባባ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠና እጄን አየ። «የፋብሪካ ቆሻሻ! የእኔ ቢሆን ያን ገመድ ባንዴ ይበጥሰው ነበር» አለ። ሳላለሳልስ መለስኩለት። «አዎ አባባ፣ ይበጥሰው ነበር። ግን እቤት መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስለማይያዝ ነው እቤት የተውኩት። ጋሽ ቦዬሌን ያወጣው ያ ቆሻሻ ነው፣ እጄን የበላውም እሱው ነው። ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም፣ አንተም ባኪዚዮም» አልኩት። አባባ በሕይወቱ እንዲህ ብሎ የመለሰለት ሰው የለም። ተነስቶ ወጣ። ለሳምንታት አላናገረኝም፤ ጨው እንኳ ሲፈልግ በአክስቴ በኩል ነው የሚያስጠይቀኝ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። አባባ በደብዳቤ እንዳይጻፍበት ስለከለከለን ደብቀንህ ነበር። የእጁ መንቀጥቀጥ ከምታውቀው በላይ ብሶበታል። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው መዶሻ አላነሳም። ኪሱ ውስጥ ያለውን የራሱን ሰንጢ መክፈት አይችልም፤ የምሳ ዳቦውን አክስቴ ናት የምትቆርስለት። እሱም እንዳላየ ወደ መስኮቱ ዞሮ ይቆያል። ለእሱ ያ ከሞት ይከብደዋል።

ስፌቱ እንደወጣልኝ የመቀጥቀጫ ቤቱን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሳሁ። ማንንም አልጠየቅኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ወናፉን የምነፋው እኔ፣ ቀንዱን የምሞርደው እኔ፣ እጀታውን የምወለውለው እኔ፤ ብረቱ የሚቀጠቀጥበት መስፍ ፊት ግን አንድም ቀን ቆሜ አላውቅም። ሴት ብረት ፊት ስትቆም ብረቱ ያኮርፋል ይላሉ አይደል? ያኩርፍ አልኩ። የአባባም ኩርፊያ አልገደለኝ።

በሐሳቤ የነበረው እንዲህ ነው። ርዝመቷ ከመዳፌ የማትበልጥ፣ ብረቷ እንደ አባባው ሰንጢ ድንጋይ ላይ የሚሳል፣ የደነዘዘ ጣት የሚከፍታት፣ ከተከፈተች በኋላ ጣት ላይ የማትታጠፍ። የጥፍር ማስገቢያውን ባሰፋውስ ብዬ ነበር፣ ግን የደነዘዘ ሰው ጥፍር ምን ያደርግለታል? በመጨረሻ ስለቱን ከኋላው ላስረዝመው አሰብኩ። ስትታጠፍ ከእጀታው ጫፍ አጭር ጅራት ወጣ ብሎ ይቀራል፤ በአውራ ጣት፣ በመዳፍ፣ ከፈለግህ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ትገፋዋለህ፣ ትከፈታለች። ከተከፈተች በኋላ ጅራቱ እጀታው ጀርባ ላይ ይተኛል፤ ስትጨብጣት የራስህ መዳፍ ይይዘዋል። መቆለፊያ የለ፣ ሞላ የለ፣ የሚሰበር ነገር የለ።

ማሰቡ ቀላል ነበር። የመጀመሪያዋ እንደጋለች ዘይት ሳጠጣት ጧ ብላ ተሰነጠቀች። ሁለተኛዋ ተጣመመች። ሦስተኛዋን ከመጠን በላይ አግያት እንደ ሻማ ጫፏ ቀለጠ። አራተኛዋን ስቀጠቅጥ ከደጅ በኩል «ቀዝቅዟል! ቀዝቃዛ ብረት አይመታም፣ አንቺ ልጅ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል አባባ የለም። ኮቱ ብቻ ጥጉን ሲታጠፍ አየሁት። ለካ በየቀኑ ከግድግዳው ወዲያ ቆሞ የመዶሻዬን ድምፅ ያዳምጥ ኖሯል። አምስተኛዋ ሆነች። እጀታዋን ከአውራ በግ ቀንድ አበጀሁላትና ምሳ ላይ ሳህኑ አጠገብ አኖርኳት። አባባ አገላብጦ አያት። የሳምንታት ኩርፊያውን ፊት ለፊት የሰበረው «ጅራት ያለው ሰንጢ! አይጥ ነው የሠራሽው?» ብሎ ነው። አክስቴ እስኪያንቃት ሳቀች። ይኸው ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ሁሉ ስሟ አይጧ ሆኖ ቀረ።

ወሬው እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃለህ። በሆሳዕና እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወንዶቹ የውሃ ገንዳው አጠገብ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። የአውቶቡሱ ሹፌር ኤሊጂዮ ልክ የአንተን የመሰለች ሰንጢ እያሽከረከረ «ሚንቶኒያ፣ አይጧን አምጪያት፣ ድመት ይዤ መጥቻለሁ!» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ፊቴ ቀላ፣ ግን ወደ ቤት ልሂድ ብዬ አላሰብኩም። ጋሽ ቦዬሌ ነው ነገሩን ያስተካከለው። «ሳቅ ሰንጢ አይፈትንም። እኔ ወንዝ ውስጥ ገብቼ አይቼዋለሁ። እጃችሁን ገንዳው ውስጥ ክተቱ፣ እኔ አውጡ እስክላችሁ አታውጡ። ከዚያ ክፈቱና ይህን እርጥብ ገመድ ቁረጡ» አለ። ከተራራ የሚወርደውን የዚያን ገንዳ ውሃ አንተም አትረሳውም።

እጃችንን ከተትን፤ ኤሊጂዮ በራሱ ሰንጢ፣ አንድ ሌላ ወጣት በባለ እንጨቱ፣ የሥጋ ሻጩ ልጅ ፕሪያሙ በአባባ ረጅም ሰንጢ፣ እኔ በአይጧ። ጋሽ ቦዬሌ ሆን ብሎ ስለ በጎቹ ወሬ ጀመረ፣ አልጨርስ አለ። «አውጡ!» ሲል ጣቶቼ የእኔ አልመሰሉኝም። ጅራቷን በመዳፌ ገፋኋት፣ ተከፈተች፣ ገመዱን ቆረጥኩ። ቀና ስል ኤሊጂዮ ሰንጢውን በጥርሱ ነክሷል። ጋሽ ቦዬሌ «ተው ልጄ፣ ድመትህ ጥርስህን ታወልቅብሃለች» አለው። ባለ እንጨቱ አልተከፈተም። ፕሪያሙ ቆይቶም ቢሆን ከፈተና ገመዱን በአንድ ምት በጠሰው፤ እኔ በሦስት ምት ነበር። ይህንንም እነግርሃለሁ፣ አልደብቅህም፤ በመቁረጥ አባባ ይበልጠኛል። በዝገት ደግሞ የአንተዋ ሁለታችንንም ትበልጠናለች።

አባባ ግድግዳ ተደግፎ ያይ ነበር። አንዱ «ጌታው ይፍረዱ!» ብሎ ጮኸ። መጣ፣ እጁን ዘረጋ፣ አይጧን አጥፌ ሰጠሁት። እጁ በሰው ሁሉ ፊት ይንቀጠቀጣል። ልቀማው ብዬ አሰብኩ፣ ግን ተውኩት። ጅራቷን ደረቱ ላይ አስደግፎ ገፋት። ተከፈተች። ከጋሽ ቦዬሌ ቦርሳ ዳቦ አወጣና ራሱ ቆረሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላደረገውን፣ አየህ። ቁራሹ ጠማማ ነበር፣ ፍርፋሪውም ኮቱ ላይ ተበተነ፣ ግን እሱው ቆረሰው፣ እሱው በላው። አኝኮ ሲጨርስ «ጅራቷ አንድ ጣት ትጠር። ኪስ ትቀድዳለች» አለ። አክስቴ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋትና እኔም መቻል አቃተኝ።

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰው አይጥ ይሠራልኝ አለኝ። አንደኛው ኤሊጂዮ ነው። ወንዶቹ ከሴት እጅ ሰንጢ አንገዛም ይላሉ ብዬ ስፈራ ነበር፤ የሚሉም አሉ፣ ይበሉ። እኔ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መስፉ ፊት ነኝ። ክንዴ የዳቦ ጋጋሪ ሳይሆን የቀጥቃጭ ክንድ ሆኗል ብላ አክስቴ የቀሚሴን እጅጌ ፈትታ ሰፍታልኛለች። ስለዚህ ባኪዚዮ፣ ቤቱን ገዝቶ ትራክተሩን ሊያቆምበት ያሰበውን ሰው፣ ሌላ ቦታ ያቁም በለው። አንተ የጻፍከው ግማሹ እውነት ነበር፣ ለእሱም አመሰግንሃለሁ፤ ባትልክልኝ ኖሮ ዛሬም ቀንድ እየሞረድኩ ነበር።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያ የማይዝግ ብረት ከምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሙቀት እንደሚፈልግ፣ ዘይት ይጠጣ ውሃ ይጠጣ፣ የሚያውቅ ሰው ፈልገህ ጠይቅልኝ። ቁራጭ ካገኘህም ላክልኝ። እንደ አባባ የሚቆርጥ፣ እንደ አንተዋ የማይዝግ ስለት እስካወጣ ድረስ አልተኛም። በጥቅሉ ውስጥ ጅራቷ ያጠረች አንዲት አይጥ አለችልህ፤ የፋብሪካው ዘበኛ እንኳ የሚቀማት አይመስለኝም። አርባ ቀን ያዛትና ጉድለቷን ጻፍልኝ። ምስጋናህን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

አሱንታን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ነው፣ እጅጌው ብቻ ትንሽ ጠቦኛል፣ ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ በልልኝ። ፒየሪኖን ግንባሩን፣ ሚሚያን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አክስታችን ቪሳንታ በየቀኑ ሻማ አበራላችኋለሁ፣ ሥጋ በዓርብ እንዳትበሉ ትላለች። ጋሽ ቦዬሌ በዚህ ዓመት ከተወለዱት ግልገሎች አንዷን ሚሚያ ብሎ ሰይሟታልና ልጅቷ ትወቀው። ጎረቤቶቹ ሁሉ እንዴት ናችሁ ይሏችኋል።

አባባ አጠገቤ ተቀምጧል። «ምን ብዬ ልጻፍለት?» ብዬ ጠየቅኩት። መጀመሪያ «ደህና ነኝ በይው» አለ። ከዚያ «እዚህ ቤት ሁለት ቀጥቃጭ አለ፣ ቤቱ አይሸጥም በይው» አለኝ። በደንብ ሰምቼዋለሁ፣ ግን «እስቲ እንደገና በለው» አልኩት። «መስማት አቃተሽ እንዴ? ጻፊ እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝ። ይኸው ጻፍኩ።

እህትህ ሚንቶኒያ

ፓታዳ፣ ሰርዲኒያ
ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1966